ዲግሪ ይዞ ወደ ጦር ሰፈር

የምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሆን እንደምፈልግ ስናገር የማገኘው መልስ ብዙም አይለያይም። «አብራሪ» ስል የሰሚዬ ፊት ይፈካል፤ «አየር ኃይል» ስጨምርበት መልሶ ይከስማል። «ተምረህ ተምረህ ወታደር?» ይሉኛል። አጎቶቼ ብለውኛል፤ የእናቴ የዕድር ጓደኞች ብለውኛል፤ የሠፈራችን ባለሱቅ እንኳ ስኳር እየመዘነ ብሎኛል። አንዳንዱ በቁጣ ይናገራል፤ አብዛኛው ግን ከልቡ አዝኖ ነው።

ሐዘናቸው ይገባኛል። ጅማ ውስጥ ልጅን ከዩኒቨርሲቲ ማስመረቅ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ልፋት ነው። አባቴ የቡና ጭነት መኪና ሾፌር ነው። የጊቤን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በዝናብና በጭጋግ እየወረደና እየወጣ ነው ያሳደገን። ያንን ሁሉ ድካም የቻለው ልጁ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲሠራ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ መካኒካል ምህንድስና ተምሬ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፌ ስመረቅ በቤታችን የታሰበው ባንክ ወይም ፋብሪካ፣ ቢበዛ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ነበር። ጦር ሰፈር የሚገባው ሌላ በር ሁሉ የተዘጋበት ልጅ ነው የሚለው እምነት በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። የማልቀበለውም ስለ አውሮፕላን ሳስብ ልቤ ስለሚሞቅ ብቻ አይደለም።

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ የጎጀብን ወንዝ ያቋርጣል። ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጣሊያን ጦር ተከበው እጃቸውን የሰጡት በዚያ ወንዝ አካባቢ ነው። አብረዋቸው የጥቁር አንበሳ አርበኞች ነበሩ። ጥቁር አንበሶች እነማን ነበሩ? የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ናቸው። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በእንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ወለጋ ውስጥ ቦነያ ላይ ባረፉ ጊዜ ሌሊቱን ከበው ያቃጠሏቸው እነዚሁ የተማሩ ልጆች ናቸው። ትምህርታቸው ከጦር ሜዳ የሚያስቀር ምክንያት ሆኖ አልታያቸውም። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የነበሯት ምሁራን በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ እነሱን ማጣት ምን ያህል ጉዳት እንደነበር አውቃለሁ፤ «ለምን አልተረፉም» ብሎ የሚቆጭ ሰው ቢኖርም አልፈርድበትም። ነገር ግን የተማረ ሰው ለውትድርና ይበዛል የሚል ሰው ቢያንስ ጎጀብን ሲሻገር እነሱን ያስባቸው።

ስለ አቪዬሽን ታሪካችን ሳነብ ደጋግሜ የምመለስበት ሰው ደግሞ ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ታስኪጊ በተባለው የጥቁሮች የትምህርት ተቋም የመኪና መካኒክነት ተምሮ ተመረቀ። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት ልግባ ቢል በቆዳው ቀለም ምክንያት አልተቀበሉትም። ምን አደረገ? በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ ወለል እየጠረገ ትምህርቱን ከጥግ ሆኖ ተከታተለ። በመጨረሻ ተማሪ አድርገው ተቀበሉት፤ አብራሪም ሆነ። ጣሊያን ሊወረን በተዘጋጀበት በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ጥቂት አውሮፕላኖች ብቻ የነበሩትን አየር ኃይላችንንም መራ። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች መሣሪያ እንኳ አልነበራቸውም፤ በእነዚያ ነው የጣሊያን ተዋጊዎች በሞሉት ሰማይ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክት ያመላለሰው። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ወጣቶቻችንን አሠለጠነ። በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ፤ የተቀበረውም እዚሁ በአገራችን፣ አዲስ አበባ ነው። የመካኒክነት ትምህርት ጨርሶ ስለ መብረር የሚያስብ ወጣት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት ያገኛል?

ከእርሱ በፊትም መንገዱን የጀመሩ ነበሩ። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን እንደ አዲስ አቋቋሙ፤ ከዚያ ወዲህ ቢሾፍቱና አየር ኃይል የማይነጣጠሉ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ግን ከመጽሐፍ የሚገኝ ነው። ሐሳቤን የለወጠው የሠፈራችን ሰው ነው።

ከቤታችን ሁለት ግቢ አልፎ አንድ አረጋዊ ይኖራሉ። በደርግ ዘመን አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ነበሩ። ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ሙያቸውን ይዘው ወደ ትውልድ ከተማቸው ጅማ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ የቡና መፈልፈያ ማሽንና የወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። ጄት ሞተር ፈትቶ የሚገጥም እጅ ወፍጮ ሲጠግን መኖሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሳቸው ግን ስለዚያ ሲናገሩ ምሬት የለባቸውም። ሐሳቤን ይዤ የሄድኩት እሳቸው ዘንድ ነው። «ጋሼ፣ አብራሪ ልሆን ነው» ስላቸው አላጨበጨቡልኝም፤ አልገሠጹኝምም። «ቁጭ በል ልጄ» አሉኝና ስለ ፊርማ ነገሩኝ።

አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ቴክኒሽያኑ የሠራውን ሥራ ሁሉ በመዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ይፈርማል። አብራሪው መዝገቡን አንብቦ፣ አውሮፕላኑን ዙሪያውን ዞሮ አይቶ፣ እርሱም ይፈርማል። ከዚያች ፊርማ በኋላ አውሮፕላኑ የእርሱ ኃላፊነት ነው። «እኔ ያልጠበቅሁት አንድ ብሎን ሰው ይገድላል፤ እርሱ ያላየው አንድ ብሎን ራሱን ይገድላል» አሉኝ ጋሼ። «ሌሊት ከእንቅልፌ ነቅቼ ያንን ብሎን አጥብቄዋለሁ ወይ ብዬ ያሰብኩባቸው ጊዜያት አሉ። አብራሪው ደግሞ እኔን ሳይጠይቅ፣ ፊርማዬን አምኖ ይወጣል። ወታደርነት ማለት ይኼ ነው፤ ሰልፉ አይደለም።»

ከዚያ በፊት ስለ አብራሪነት ሳስብ በልቤ ሰማይ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድን ተዋጊ ጄት ለማስነሣት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ያ ሁሉ ሰው ነፍሱን አደራ የሚሰጠውም ለአንድ ወጣት መኮንን መሆኑን ማሰብ ጀመርኩ። በአየር መንገድም ያው መዝገብ፣ ያው ፊርማ አለ፤ ይህን አልክድም። ጦር ሰፈር ውስጥ ግን ቴክኒሽያኑና አብራሪው ከአንድ አጥር ውስጥ ይኖራሉ፤ አብረው ይመገባሉ፤ ጦርነት ቢመጣም አብረው ይዘምታሉ። እኔን የሳበኝ ይህ ትስስር ነው።

ወደ ሰውነት ጉዳይ ልምጣ። ብዙ ወጣት የሚያስበው ፈተናው ሒሳብና ፊዚክስ መሆኑን ነው፤ የብዙዎች ሕልም ግን የሚያበቃው ከሐኪም ፊት ነው።

የመጀመሪያው በር ዓይን ነው። ርቀት አጥርቶ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ቀለም መለየት አለበት። ከመቶ ዓመት በፊት ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ ያዘጋጁት መጽሐፍ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ለዚህ ይሠራበታል። በገጹ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ነጠብጣቦች ተበትነዋል፤ በመካከላቸው ቁጥር ተደብቋል። ቀይንና አረንጓዴን በትክክል የማይለይ ዓይን ቁጥሩን አያየውም፤ ወይም ሌላ ቁጥር ያያል። ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። ሕክምና የለውም። ብዙ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለበት ሳያውቅ ሃያ ዓመት ይኖራል፤ ምክንያቱም ሰማዩ ሰማያዊ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ መሆኑን ከሰው ሰምቶ ለምዶታል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ለቤተሰባችሁም ከመናገራችሁ በፊት፣ ዓይናችሁን ተመርመሩ። ምርመራው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። እኔ አስቀድሜ ማድረጌ ብዙ ጭንቀት አቅልሎልኛል።

ቁመትም ይለካል። የሚለካው ቆሞ ብቻ አይደለም፤ ተቀምጦም ጭምር ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ወንበሩ ራሱ ሮኬት አለው፤ አደጋ ሲደርስ አብራሪውን ከነመቀመጫው ወደ ላይ ይወረውረዋል። በዚያች ቅጽበት በአከርካሪው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከባድ ነው። ጭኑ ከመጠን በላይ የረዘመ ሰው ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ሰሌዳ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ አጭር የሆነ ሰው ደግሞ እግሩ ከመርገጫው አይደርስም። በእርግጥ ይህን ማንም በጥረት አይለውጠውም። ተለክቶ «አይሆንም» የተባለ ልጅ እንደ ሰነፍ ሊቆጠር አይገባም።

ሌላው ጉዳይ ክብደት ነው። አውሮፕላን በፍጥነት እየበረረ በድንገት ሲታጠፍ የአብራሪው ሰውነት ይከብዳል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ዘመናዊ ተዋጊ ጄት በ9 ጂ፣ ማለትም ከመሬት ስበት ዘጠኝ እጥፍ በሆነ ኃይል፣ ሲታጠፍ 630 ኪሎ ያህል ይሆናል። ጭንቅላቱን ማንሣት ያቅተዋል፤ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል። በቅድሚያ ቀለም ይደበዝዝበታል፤ ቀጥሎ እይታው ከዳር ወደ መሐል ይጠብባል፤ ከዚያ ይጨልማል፤ ካልተቆጣጠረው ራሱን ይስታል። ለዚህ ነው አብራሪዎች እግርና ሆድን በአየር ግፊት የሚጨምቅ ልብስ የሚለብሱት። ልብሱ ግን ብቻውን አያድንም፤ አብራሪው የእግሩንና የሆዱን ጡንቻ አጥብቆ፣ በአጭር በአጭሩ እየተነፈሰ፣ ደሙ ከጭንቅላቱ እንዳይሸሽ መታገል አለበት። ይህን እያደረገ ጠላቱን ይከታተላል፤ ራዲዮ ይሰማል፤ ነዳጁን ይቆጣጠራል።

የኦክስጅን ነገርም አለ። በ25,000 ጫማ ከፍታ ላይ ኦክስጅን የተቋረጠበት ሰው አእምሮው በአግባቡ የሚሠራለት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። አስፈሪው ነገር ሰውዬው መታመሙን አለማወቁ ነው፤ እንዲያውም ደስ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኞች ግፊቱ በሚቀነስ ክፍል ውስጥ ተዘግተው የራሳቸውን ምልክት እንዲለዩ ይደረጋል፤ የአንዱ ጣቱ ይደነዝዛል፣ የሌላው ፊቱ ይግላል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ይስቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የምፈራውና የምወደው ትምህርት ግን የጭጋጉ ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ጭጋግ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ማለዳ ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ሆናችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ከተማው የለም፤ ነጭ ነገር ብቻ ነው። በረራ የሚዘገይባቸው ጠዋቶች አሉ። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ አድማስ ስለማያይ ላይና ታችን የሚለየው በጆሮው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው፤ ያ ፈሳሽ ደግሞ ይዋሻል። አውሮፕላኑ በዝግታ እየታጠፈ ጥቂት ከቆየ ጆሮ መታጠፉን ይለምደዋል፤ ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። አብራሪው አውሮፕላኑን በእውነት ሲያቃናው ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ የታጠፈ ይመስለዋል። ስሜቱን አምኖ «ካቃናው» እንደገና ወደ መጀመሪያው መታጠፍ ይመለሳል፤ እየተሽከረከረ ከፍታ ያጣል፤ መሬት እስኪመታ ድረስ ትክክል ነኝ ብሎ ያምናል። ብዙ ጥሩ አብራሪዎች እንዲህ ሞተዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሰውነትህ የሚጮኸውን ትተህ ፊትህ ያለውን መሣሪያ ማመን። ይህን ለመልመድ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያመነውን ስሜት መካድ አለበት።

ዩኒቨርሲቲ የሰጠኝ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ አምናለሁ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቢሾፍቱ ከዚያም ትንሽ ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚሸከምበት አየር ያንሰዋል። ስለዚህ አውሮፕላን ለመነሣት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ቀን ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይረዝምበታል። ተማሪ ሳለሁ በአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሳልፍ ይህን ቀመር በልቤ እሠራ ነበር። ቀመር ለሚያውቅ ሰው መሣሪያን ማመን በመጠኑ ይቀለዋል፤ መርፌው ለምን እንደሚንቀሳቀስ ያውቃላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ዕጩ መኮንን ሆኖ የገባ ወጣት በመጀመሪያ የሚማረው ወታደርነትን ነው፤ ሰልፍ፣ መሣሪያ፣ ጥበቃ፣ ትእዛዝ። ከዚያ የክፍል ትምህርት ይከተላል፤ የበረራ ሳይንስ፣ የአየር ጠባይ፣ ሞተር፣ አቅጣጫ ማወቅ። ከዚያ በአነስተኛ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከአስተማሪ ጋር ይወጣል፤ ሲበቃ አስተማሪው ይወርዳል፤ ብቻውን ይነሣል። ቀጥሎ የመሣሪያ በረራ፣ የሌሊት በረራ፣ ተጠጋግቶ መብረር ይመጣል፤ ከዚያ ኤል 39ን የመሰለ የማሠልጠኛ ጄት። በመጨረሻ ይመደባል፤ ተዋጊ፣ ማጓጓዣ ወይም ሄሊኮፕተር። ምድቡን የሚወስኑት ውጤቱና የሠራዊቱ ፍላጎት ናቸው። በተዋጊ ጄት ሕልም የገባ ልጅ አንቶኖቭ ሊያበር ይችላል፤ ቁስለኛ በሄሊኮፕተር ሲያመላልስ ሊኖርም ይችላል። በእኔ ግምት ቁስለኛ ማመላለስ ከማንኛውም ምድብ አያንስም።

በየደረጃው ደግሞ የሚቆረጥ አለ። በዓለም ላይ ሠልጣኞቹን ሁሉ አብራሪ ያደረገ የጦር በረራ ትምህርት ቤት የለም። ጨዋ፣ ጎበዝ፣ በመጽሐፍ የሚያህለው የሌለ ልጅ እጁ ከዓይኑ ጋር ባለመፍጠኑ ብቻ ሊቀር ይችላል። የተቆረጠ ሰው ግን ከሠራዊቱ አይወጣም፤ ወታደር ነው። በጥገና፣ በራዳር ወይም በሌላ ክፍል ያገለግላል። በአሜሪካ አየር ኃይል ክንፍ፣ ማለትም የአብራሪነት ዓርማ፣ የተሰጠው አብራሪ ከዚያን ቀን ጀምሮ 10 ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበት። በየአገሩ የዓመቱ ቁጥር ይለያይ እንጂ ውል የሌለበት የለም።

ስለዚህ ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ «መብረር እወዳለሁ ወይ» የሚለው አልነበረም፤ መብረርን የማይወድ ወጣት ማን አለ? የጠየቅሁት «ክንፉ ባይሰጠኝስ?» የሚለውን ነው። ዘይት በለበሰ እጅ የሌላ ሰው አውሮፕላን እያዘጋጀሁ፣ እሱ ሲነሣ መሬት ላይ ቆሜ እያየሁ፣ ያንን ሕይወት በክብር እኖረዋለሁ ወይ? ይህ ጥያቄ ሳምንታት ይዞኝ ቆየ። ጋሼን ባላውቃቸው ኖሮ ምናልባት «አልኖረውም» እል ነበር። እሳቸውን ሳይ ግን መልሴ እሺ ሆነ። ይህን እሺ ማለት ያልቻለ ወጣት፣ ምኞቱ በረራ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ሲቪል አቪዬሽን ቢሄድ ለእርሱም ለሠራዊቱም ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ። አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛዬ ያንን መንገድ መርጧል። ምርጫው ንጹሕ ነው፤ ሰው ማጓጓዝ ትልቅ ሥራ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ግን የእኔ አልነበረም፤ የእናቴ ነው።

እናቴ ብዙ አትናገርም። አባቴና አጎቶቼ ስለ ደመወዝና ስለ ዕድሜዬ ሲከራከሩ እሷ ቡና እየቆላች ዝም ብላ ሰማች። ሁሉም ሲወጡ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ገበያ ላይ ጣል ቢሉህስ?»

የምትለው ገባኝ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በትግራይ፣ ሐውዜን ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የገዛ አገራቸው አየር ኃይል በጣለው ቦምብ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። እህል ሊሸጡና ጨው ሊገዙ የወጡ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ገበያ የምታውቅ ሴት ናት፤ ሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። የሐውዜንን ወሬ ከሰማች ወዲህ የጦር አውሮፕላን ሲነሣ የሚታያት ገበያ ነው። ልጇ ያንን እጀታ የሚይዝ ሰው እንዳይሆን ነው የፈራችው። እሷን ያስጨነቃት የእኔ መሞት ብቻ አለመሆኑ አስደነገጠኝ፤ አኮራኝም።

ሕጉን ነገርኳት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ምንጊዜም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆን፣ ተግባሩንም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን ያዝዛል። የጄኔቫ ስምምነቶች ሰላማዊ ሰዎችን ዒላማ ማድረግን ይከለክላሉ፤ የአገራችን የወንጀል ሕግም ይቀጣል። «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም። እናቴ ሰምታኝ «ይኼ ሁሉ ወረቀት ነው፤ አንተ ምን ታደርጋለህ?» አለች።

«አልጥልም እማዬ» አልኳት።

«ታዲያ ያስሩሃል።»

«ያስሩኛል።»

«እኔም ስንቅ ይዤ እስር ቤት ልመላለስ ነዋ።»

«አዎ፣ እንዲያ ከመጣ ትመላለሻለሽ።»

ብዙ ሰው ይህን ንግግር ልጅነት ይለው ይሆናል። እኔ ግን ጦር ሰፈር ከመግባት በፊት መነገር ያለበት ይህ ነው እላለሁ። ትእዛዝ ማክበር የሠራዊት አጥንት ነው፤ ያለ እርሱ የታጠቀ ስብስብ እንጂ ሠራዊት አይኖርም። ነገር ግን ሰማይ ላይ ያለ አብራሪ ዒላማውን ሲያይ አጠገቡ አዛዥ የለም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ነገር አስቀድሞ፣ መሬት ላይ፣ እናቱ ፊት፣ ቁርጥ ተደርጎ መወሰን አለበት። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ወደ ሠራዊት መግባቱን የምደግፈው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉን አንብቦ የገባ፣ «ለምን» ብሎ መጠየቅ የለመደ፣ የመታዘዝንም የእምቢታንም ዋጋ የሚያውቅ መኮንን በበዛ ቁጥር ገበያተኛ ይድናል።

እናቴ ሌላውንም ወገን እንድታይ ስለ ለገሠ ተፈራ ነገርኳት። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረን ጊዜ በኤፍ 5 ተዋጊ ጄት በርካታ የጠላት ሚግ ተዋጊ ጄቶችን የጣሉት አብራሪ ናቸው። በዚያው ዓመት አውሮፕላናቸው ተመትቶ በፓራሹት ወረዱ፤ ተማረኩ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው። በኋላም ብርጋዴር ጀኔራል ሆኑ። ያን ጊዜ የጅማን ሰው ጨምሮ አገሩ ሁሉ የሰማይ አጥር ነበረው፤ አጥሩም እነዚህ ወጣት መኮንኖች ነበሩ። እናቴ ይህን ሰምታ ያለችው «እናታቸው ነበረች?» ብቻ ነው። አላውቅም አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ለብዙ ቀን አላወራችኝም። ምርቃቷን እስካሁን አልሰጠችኝም፤ እኔም ሳልመረቅ ተደብቄ አልሄድም። አባቴ ግን ለስልሷል፤ አሁን የሚጠይቀኝ ስለ ጡረታና ስለ ውሉ ዘመን ነው።

እስከዚያው ተቀምጬ አልጠብቅም። ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን አቀበት እሮጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊዚክስ አስጠናለሁ፤ ለራሴም መከለስ ሆኖልኛል። የትምህርት ማስረጃዬን፣ የልደት ሰነዴንና የቀበሌ መታወቂያዬን አንድ ፋይል ውስጥ አዘጋጅቻለሁ፤ የወጪ መጋራት ጉዳዬንም እየተከታተልኩ ነው። የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ መስፈርቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለያይ፣ ዕድሜውንም ቁመቱንም የትምህርት ዘርፉንም ከሰው አፍ ሳይሆን ከማስታወቂያው ራሱ አንብቡ። የዕድሜ ጣሪያው አይጠብቅም፤ «ትንሽ ሠርቼ ገንዘብ ይዤ እሄዳለሁ» የሚል ተመራቂ ይህን ይወቅ።

ማታ ማታ ደግሞ ጋሼ ዘንድ እሄዳለሁ። በእጅ የተጻፈ፣ ጠርዙ ያረጀ የሥልጠና ደብተራቸውን አውጥተውልኛል። እሳቸው ይጠይቃሉ፤ እኔ እመልሳለሁ፤ ስሳሳት ሥዕሉን እንደገና ያስሥሉኛል። የነዳጁን ክፍል ጨርሰናል። ሰሞኑን የያዝነው ሃይድሮሊኩን ነው፤ የማረፊያ ጎማው ግፊት ቢያጣ በምን እንደሚወርድ ነገ ማታ ሥዬ ማሳየት አለብኝ።